ሳቁ የማን ነው?

ለዕርዳታ በሚዘጋጁ ምሽቶች ላይ ስለሚጋበዙ ቀልደኞች የቀረበ ሂስ

የዚህ ጽሑፍ መነሻ በ2010 ዓ.ም. ክረምት ካርቱም ውስጥ ያሳለፍነው አንድ ምሽት ነው። ጊዜው የትምህርት ቤት ዕረፍት ስለ ነበረ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ሱዳን ተሻግረን ደይም ከሚባለው ሰፈር አርፈን ነበር። ደይም በዚያን ጊዜ ሐበሻ በብዛት የሚኖርበት፣ አማርኛና ትግርኛ ከዐረብኛ ጋር ተደባልቀው የሚሰሙበት ሰፈር ነበር። እንደ ደረስን ሰሞን አንዲት ሻይ በመሸጥ የምትተዳደር ኢትዮጵያዊት ታማ ሆስፒታል ተኝታ ኖሮ፣ ለማሳከሚያዋና ወደ አገሯ ለመመለሻ የሚሆን ገንዘብ ለማሰባሰብ የአገር ልጆች አንድ ምሽት አዘጋጁ። መግቢያው በትኬት ነው፤ ሁለት ቀልደኞች ተጋብዘዋል። እኛም ትኬት ቆርጠን ገባን።

አዳራሹ ከታሰበው በላይ ሞላ። ከፊት ባሉት ወንበሮች ላይ ነጋዴዎችና ኑሮ የተሳካላቸው ወገኖች ተቀመጡ። ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ፣ የታማሚዋ የሥራ ጓደኞች የሆኑ ሻይ ሻጭ እኅቶቻችን ጀበናቸውን ጥደው ለእንግዳው ሁሉ ቡና ይቀዳሉ። የቡናው ዋጋ ወደ ዕርዳታው ሣጥን ይገባል። እነርሱ ራሳቸውም የመግቢያውን ዋጋ እንደ ማንኛውም ሰው ከፍለው እንደ ገቡ የተረዳነው ኋላ ነው።

የመጀመሪያው ቀልደኛ ወጣት፣ አንደበቱ የተባ፣ የሰው ድምፅና አካሄድ በማስመሰል የሠለጠነ ነበር። የመረጠው ርእስ ሻይ ሻጮች የሚናገሩትን ዐረብኛ ነው። ወንዱን ደንበኛ «አንቺ»፣ ሴቷን «አንተ» ሲሉ፤ ደንበኛው ስኳር ይቀነስ ሲል ሲጨምሩ፤ ሱዳኖች «ከሻ» የሚሉት የፖሊስ አፈሳ ሲመጣ ምድጃና በርጩማ ታቅፈው ሲሮጡ፣ ሁሉንም እያስመሰለ አሳየ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እውነቱን ለመናገር እኛም እንባችን እስኪወርድ ስቀናል።

በዕረፍቱ ሰዓት ቡና ልንጠጣ ወደ ኋላ ሄድን። ዘመዳችን መምህር መሆናችንን ነግሮ ካስተዋወቀን ከአንዲት ቀጂ ጋር ስንነጋገር፣ «እኅቴ፣ ጨዋታውን እንዴት አየሽው?» ብለን ጠየቅናት። ሲኒውን እያቀበለችን፣ «ጥሩ ነው መምህር፤ ልጁ ይችልበታል። ስለ ዐረብኛችንም ቢሆን መቼ ዋሸ። ብቻ ይህን ሳቅ ሥራ ላይ በቀን ሃያ ጊዜ እንሰማዋለን። ዛሬ እንኳ እናርፋለን ብለን ነበር» አለችን። በንግግሯ ቁጣ አልነበረም። ይሁን እንጂ የጠጣነው ቡና ጉሮሯችን ላይ ቀረ።

ከዕረፍቱ በኋላ የወጣው ሁለተኛው ቀልደኛ በዕድሜ የገፋ፣ ድምፁ የሰለለ፣ በማስመሰል ችሎታው ከመጀመሪያው የሚያንስ ሰው ነበር። እርሱ የጀመረው በራሱ ነው። ባለፈው ዓመት በእንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ትልቅ ገንዘብ ለመስጠት ቃል እንደ ገባ፣ ጭብጨባውን ተቀብሎ ፎቶግራፍ እንደ ተነሣ፣ በማግሥቱ ገንዘብ ያዡ ሲደውልለት ስልኩን እንዴት እንደ ዘጋ፣ መንገድ ላይ ሲያየውም ከጀርባው ለመሰወር እንዴት የማያውቀውን መስጊድ ግድግዳ እንደ ተጠጋ ተረከ። ቀስ በቀስም ፊት ወንበር ላይ ወደ ተቀመጡት ዘወር አለ። በዚህ ጊዜ ሳቁ ከኋላ፣ ከጀበናዎቹ በኩል ተነሥቶ ወደ ፊት ሄደ። ፊት ያሉትም ስቀው ኪሳቸውን መዳሰስ ጀመሩ። ሰውዬው ከመድረክ ሲወርድ ሣጥኑን ራሱ ይዞ በረድፍ በረድፉ ዞረ።

አንባቢ እንደሚገነዘበው ሁለቱም ቀልደኞች የተጠየቁትን አድርገዋል። ሁለቱም አስቀዋል፤ ሁለቱም ለበጎ ዓላማ ያለ ክፍያ ቆመዋል። ታዲያ ልዩነታቸው ምን ላይ ነው? የዚህ ሂስ ዓላማ ይህንን መመርመር እንጂ የማንንም ስም ማንሣት አይደለም። ጉዳዩም የካርቱም ብቻ አይደለም። በየትምህርት ቤቶቻችን ለወላጅ አልባ ተማሪዎች ደብተርና የደንብ ልብስ መግዣ፣ ለታመመ ጓደኛ ማሳከሚያ፣ ለተፈናቀሉ ወገኖች መርጃ ምሽት ባዘጋጀን ቁጥር የድራማ ክበቡ መጀመሪያ የሚያስበው የሚያስቅ ሰው ማግኘትን ነው። ሰው በለቅሶ ቃል ትኬት አይገዛም፤ ለሳቅ ግን ይመጣል። በዚህ ክፋት የለም። ጥያቄው ሳቁ በመጣ ጊዜ ከማን ጋር፣ በማንስ ላይ ይሳቃል የሚለው ነው።

ከሱዳን የተጀመረ የሳቅ ዘመቻ

ቀልደኞችን ሰብስቦ ለችግረኛ ገንዘብ የማሰባሰብ ሥራ በዓለም ላይ ታላቁን ስም ያገኘው ከእኛው ችግር ተነሥቶ ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ አገራችንን በመታ ጊዜ በብዙ መቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ወደ ሱዳን ተሰደዱ። ሱዳን ራሷም በዳርፉርና በኮርዶፋን በድርቅ ተመትታ ነበር። ካርቱም የዕርዳታ ድርጅቶች መናኸሪያ ሆነች። ሙዚቀኞች ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ «ላይቭ ኤድ» የተባለውን ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት አቀረቡ። ቀልደኞቹም ተከተሉ። በረሃቡ ጊዜ ኢትዮጵያን አይቶ የተመለሰው የቀልድ ደራሲ ሪቻርድ ከርቲስ ከኮሜዲያኑ ሌኒ ሄንሪ ጋር ሆኖ «ኮሚክ ሪሊፍ» የተባለውን ድርጅት መሠረተ። ድርጅቱ ለሕዝብ የተዋወቀው በአውሮፓውያን የገና ዕለት፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ በሱዳን ከሚገኘው የሳፋዋ የስደተኞች ጣቢያ በቢቢሲ ቴሌቪዥን በቀጥታ በተላለፈ ዝግጅት ነበር። በዚያው ዓመት መጋቢት መጨረሻ ላይ ቀልደኞቹ በለንደን ሻፍትስበሪ ቲያትር ሦስት ምሽት ተጫወቱ። ጥር 27 ቀን 1980 ዓ.ም. ደግሞ «የቀይ አፍንጫ ቀን» የተባለው የመጀመሪያው የቴሌቪዥን ምሽት ተደርጎ 15 ሚሊዮን ፓውንድ ተገኘ። በሠላሳ ዓመት ውስጥም የተሰበሰበው ገንዘብ ከአንድ ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ደረሰ።

ስሙ ራሱ ለቋንቋና ለሥነ ጽሑፍ መምህራን ትምህርት ይሰጣል። በእንግሊዝኛ የተውኔት ጥናት ውስጥ ይህ ስም በአሳዛኝ ተውኔት መካከል ተመልካቹን ፋታ ለመስጠት የምትገባውን አስቂኝ ትዕይንት ያመለክታል። ሁለተኛው ቃል ደግሞ «ፋታ» ብቻ ሳይሆን «ዕርዳታ» ማለትም ነው። ስለዚህ ስሙ እንደ እኛው ሰምና ወርቅ ሁለት ፍቺ አለው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን የሼክስፒርን ማክቤዝ ያነበበ ተማሪ ምሳሌውን ያስታውሳል። ንጉሡ በእንግድነት ባደረበት ቤት በተገደለ ማግሥት በሩ ሲንኳኳ፣ የሰከረ በር ጠባቂ እየተንገዳገደ ወጥቶ ይቀልዳል። ተመልካቹ ይስቃል። ነገር ግን በሩ ሲከፈት የሚገኘው ሬሳ ነው። ሳቁ ግድያውን አያስረሳም፤ እንዲያውም የባሰ ያከብደዋል። የተሳካ ቀልድ ለሰው ትንፋሽ ሰጥቶ ወደ ዋናው ጉዳይ የሚመልስ ነው። ለዕርዳታ ምሽትም ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላገኘንም። ሰው አዳራሹን ለቅቆ ሲወጣ ቀልዱን ብቻ አስታውሶ የታማሚዋን ስም ከረሳ፣ ምሽቱ ገንዘብ ቢያስገኝም ሥራውን አልሠራም።

ይህንን ካልን በኋላ የኮሚክ ሪሊፍን በጎና ደካማ ጎን ለይቶ ማየት ተገቢ ነው። በጎው ጎኑ ቀይ አፍንጫው ነው። የባንክ ሥራ አስኪያጁም፣ ዜና አንባቢውም፣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተሩም ቀይ አፍንጫ አድርጎ በራሱ ላይ ያስቃል። ሰጪው ከከፍታው ወርዶ መሳቂያ ይሆናል፤ የሚሳቅበት ሰጪው ነው፤ ተቀባዩ አይደለም። ድርጅቱ ከሕዝብ የተለገሰው እያንዳንዱ ፓውንድ ለዕርዳታ ሥራ ይውላል፣ የማስኬጃ ወጪው በሌላ መንገድ ይሸፈናል ሲል ቃል መግባቱም ሊመሰገን የሚገባው ነው።

ደካማው ጎን በቀልዶቹ መካከል በሚገቡት ፊልሞች ላይ ታየ። ዝነኛው ሰው ወደ አፍሪካ ይሄዳል፤ የታመመ ሕፃን ያቅፋል፤ ያለቅሳል። ተመልካቹ ከአገሩ ሰዎች ጋር ይስቃል፤ በእኛ ላይ ያለቅሳል። ሳቁ የእነርሱ፣ እንባው የእኛ ሆነ። ለብዙ ዓመታት የእንግሊዝ ልጅ ያየው አፍሪካዊ የሚያለቅስ እንጂ የሚቀልድ አልነበረም። በ2011 ዓ.ም. የፓርላማ አባሉ ዴቪድ ላሚ አንዲት የቴሌቪዥን ባለሙያ በኡጋንዳ ሕፃን አቅፋ የተነሣችውን ፎቶግራፍ አይቶ ይህንን አሠራር በግልጽ ተቸ። ክርክሩ ከርሮ ድርጅቱ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ዝነኞችን ወደ አፍሪካ ልኮ ፊልም ማስቀረጽ እንደሚያቆምና ሥራውን ለአፍሪካውያን የፊልም ባለሙያዎች እንደሚሰጥ አስታወቀ። ቀደም ሲልም በ2006 ዓ.ም. የድርጅቱ ገንዘብ በከፊል በጦር መሣሪያ፣ በትምባሆና በመጠጥ ኩባንያዎች አክሲዮን ላይ እንደ ዋለ ቢቢሲ ራሱ አጋልጦ ነበር። በሳቅ የተሰበሰበ ገንዘብም ከማንኛውም ገንዘብ ያልተለየ ጥብቅ ሂሳብ እንደሚያስፈልገው ከዚህ መማር ይቻላል።

እንግዲህ ባዕድ እንባችንን ብቻ አሳየ ብለን የምንወቅስ እኛ፣ በደይም አዳራሽ ውስጥ በገዛ እኅቶቻችን ላይ ምን አደረግን? ያው አንድ ነገር ነው። ሳቁን ለፊት ወንበር፣ ኀፍረቱን ለጀበናው ሰጠን።

የሐዘንተኛ አጫዋች

ጉዳዩን ከውጭ አገር ምሳሌ ብቻ ማየት አያስፈልግም። በእኛም ባህል ሳቅና ችግር አብረው የሚቀመጡበት ሥርዓት አለ። ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ ቀብሩ ከተፈጸመ በኋላ፣ ጎረቤትና የዕድር ሰው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ያመሻል። ከዚያ መካከል አንድ ጨዋታ አዋቂ አይጠፋም። የሟችን ደግነትና አስቂኝ ገጠመኝ ያነሣል፤ በራሱ ሞኝነት ይቀልዳል። ሐዘንተኛዋ ከሦስት ቀን ዝምታ በኋላ ሳታስበው ፈገግ ትላለች። ሽማግሌዎቹ «አጫወታት፣ እግዜር ይስጠው» ይላሉ።

ልብ እንበል። ይህ ሰው የሚቀልደው ለሐዘንተኛዋ ነው እንጂ በሐዘንተኛዋ ላይ አይደለም። የሥራው መለኪያ አንድ ብቻ ነው፤ እርሷ ሳቀች ወይስ አልሳቀችም? ሌላው ለቀስተኛ ሁሉ ሆዱን ይዞ ቢስቅ፣ እርሷ ግን አንገቷን ብትደፋ፣ ያ ሰው ጨዋታ አዋቂ ሳይሆን ባለጌ ይባላል።

ቀልዳችን ወደ ላይ ማነጣጠርንም ያውቃል። አለቃ ገብረ ሐና በቀልዳቸው ባለሥልጣንና ባለጸጋን ሲነኩ እንጂ የተራበን ሲነኩ አልተወራላቸውም። የአማርኛ ተውኔት ፈር ቀዳጅ የሆነው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» የአውሬዎች ኮሜዲያ ነው፤ ደራሲው በአውሬዎች አፍ የነቀፉት በጊዜው የነበረውን የሹማምንት ብልሹ አሠራር ነበርና ተውኔቱ ታገደ። እንግዲህ የመድረክ ሳቃችን ገና ሲወለድ የኃያላንን ስሕተት ማሳያ ነበር ማለት ነው። ሻይ ሻጭን ለማሳቅ እንጂ በሻይ ሻጭ ለመሳቅ አልተፈጠረም።

በቅርቡ ዘመንም ደግ ምሳሌ አይተናል። በ2017 ዓ.ም. ኮሜዲያን እሸቱ መለሰ ለመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል የሕንፃ ሥራ ቀናት በፈጀ የዩቲዩብ የቀጥታ ስርጭት ገንዘብ ሲያሰባስብ ብዙ ሺሕ ሰው ተከታትሏል፤ ከውጭ አገርም ከአገር ውስጥም ሰጥቷል። ቀልደኛ ሕዝብን ለበጎ ሥራ ማስነሣት እንደሚችል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ሰው የሚያምነው የሚያስቀውን ነው። ነገር ግን እምነቱ ትልቅ ስለ ሆነ ኃላፊነቱም ትልቅ ነው።

«ቀልድ ነው» ለሚሉ

ይህንን ሐሳብ ለባልደረቦቻችን ባነሣን ጊዜ ሁለት ተቃውሞ ገጠመን። አንደኛው «ቀልደኛን ይህን በል፣ ይህን አትበል ካላችሁት ቀልዱ ይሞታል» የሚል ነው። እውነትነት አለው። በወረቀት የተፈቀደ ቀልድ የሚያስቅ አይሆንም። እኛ ግን የምንለው ርእስ ይከልከል አይደለም። ቀልደኛው በአዳራሹ ውስጥ እነማን እንዳሉ፣ ምሽቱም ለማን እንደ ተዘጋጀ አስቀድሞ ይነገረው ነው የምንለው። ያ ወጣት ሻይ ሻጮቹ ከኋላው እንዳሉ የነገረው ሰው አልነበረም ብለን እንገምታለን። ጥፋቱ ከእርሱ ይልቅ የአዘጋጆቹ፣ ከአዘጋጆቹም ይልቅ የሳቅነው የእኛ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «እነርሱ ራሳቸው በዐረብኛቸው ይሳሳቃሉ» የሚል ነው። ይህም እውነት ነው። በማግሥቱ በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠን ስንሰማ፣ ከወጣቱ የበለጠ የሚያስቅ ታሪክ ሲያወሩ ሰምተናል። ግን ማይክሮፎኑ በማን እጅ ነው? ሰው በራሱ ቁስል ሲቀልድ ቁስሉን ያሽራል። ሌላው በዚያው ቁስል ሲቀልድ፣ ያውም ቁስሉን ለማሳከም በተሰበሰበ ጉባኤ ፊት፣ ቃሉ አንድ ሆኖ ሥራው ሌላ ይሆናል። እንዲያውም ትልቁ ስሕተታችን ከእነዚያ ሴቶች አንዷን «ነይ፣ አንቺ ተናገሪ» ብለን መድረኩን አለመስጠታችን ነው። ቡና እንዲቀዱ ጋበዝናቸው፤ እንዲያስቁን ግን አልጋበዝናቸውም።

ለትምህርት ቤቶች የሚበጅ

ሂስ አፍርሶ ብቻ መሄድ የለበትም። ስለዚህ ምሽት ለሚያዘጋጁ ክበባትና መምህራን ከልምድ ያገኘነውን በአጭሩ እናቅርብ።

መጀመሪያ፣ ቀልደኛው ከመጋበዙ በፊት ገንዘቡ የሚሰበሰብለት ሰው ወይም ቤተሰብ ስለ ዝግጅቱ ይጠየቅ። ስሙ ይነሣ ወይስ አይነሣ? ፎቶግራፉ ይታይ ወይስ አይታይ? የታመመ ተማሪ በማግሥቱ ወደ ክፍል ተመልሶ ከሳቁት ጋር አንድ ዴስክ ላይ እንደሚቀመጥ አንርሳ።

ሁለተኛ፣ ከቀልደኛው ጋር ያለው ስምምነት ግልጽ ይሁን። ቀልድ ሙያ ነው። ይከፈለው ከተባለ ስንት እንደሆነ፣ በነጻ የሚሠራም ከሆነ መጓጓዣውና ምሳው በማን እንደሚሸፈን አስቀድሞ ይታወቅ። «ለበጎ ሥራ ነው» እየተባለ በየሳምንቱ በነጻ የሚጠራ ባለሙያም የራሱ ልጆች አሉት።

ሦስተኛ፣ የመርሐ ግብሩ ቅደም ተከተል ይታሰብበት። የታማሚው ታሪክ ተነግሮ ሳያበቃ ቀልደኛ ማስወጣት ሁለቱንም ይገድላል። ቀልዱ ይቅደም፣ ሰዉ ይላላ፣ ትንፋሽ ያግኝ፤ ከዚያ ጉዳዩ በአጭርና በጨዋ ቃል ይነገር፤ ወዲያው ሣጥኑ ይዙር።

አራተኛ፣ ሂሳቡ ይነገር። ስንት ትኬት ተሸጠ፣ ስንት ወጪ ሆነ፣ ስንት ለባለ ጉዳዩ ደረሰ የሚለው በሳምንቱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ይህ ለተማሪዎች ከማንኛውም የሂሳብ መልመጃ የበለጠ ትምህርት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን አንዲት ጥያቄ ትበቃለች። የሚረዳው ሰው ፊት ወንበር ላይ ቢቀመጥ ይህ ቀልድ ያስቀዋልን? ካሳቀው ይነገር። ካላሳቀው፣ ሌላው ሁሉ ቢስቅም፣ ይቅር።

እነዚያን ሴቶች ዳግም አላየናቸውም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ፈነዳና በከተማይቱ የነበረው ሕዝብ ተበተነ። ሐበሻውም ሱዳናዊውም በገላባትና በመተማ በኩል ወደ አገራችን ጎረፈ። በአማራ ክልል በኩመርና በአውላላ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ደግሞ በኩርሙክ የስደተኞች መጠለያዎች ተቋቋሙ። ትናንት በደይም በርጩማ ላይ ተቀምጦ ከእኅቶቻችን እጅ ሻይ የጠጣ ሰው ዛሬ የእኛን እጅ የሚያይበት ጊዜ መጣ። ከእነዚሁ ስደተኞች ልጆች አንዳንዶቹ በክፍላችን ውስጥ ተቀምጠው አማርኛ ሊለማመዱ ይችላሉ። ሲለማመዱም ወንዱን «አንቺ»፣ ሴቷን «አንተ» ማለታቸው አይቀርም።

ለእነርሱም አንድ ቀን የዕርዳታ ምሽት እናዘጋጅ ይሆናል፤ ቀልደኛም እንጋብዝ ይሆናል። ያን ጊዜ የድራማ ክበቡ አባላት ከመድረኩ ጀርባ ቆመው ወደ አዳራሹ ይመልከቱ። ከሱዳን የመጡት ልጆች የት እንደ ተቀመጡ ይዩ፤ ሳቁም ከወዴት እንደሚነሣ ያዳምጡ።